ኮምፒውተር ዓይናችሁን እያቃጠለ ካስቸገራችሁ፦ ከኬብል እስከ ግራፊክስ ካርድ መቀየር

ሂሳብ ሠራተኛ ነኝ፣ ቀኑን ሙሉ ኤክሴል ላይ ነው የምውለው፣ እና አንድ ሞኒተር ፊት ለ6 ዓመት ተቀምጬ ምንም ሆኜ አላውቅም ነበር። ከዛ ኮምፒውተሩ አርጅቷል ተብሎ ተቀየረልኝ። ሞኒተሩ ያው፣ ወንበሩ ያው፣ መስኮቱ ያው፣ የተቀየረው ሲፒዩው ብቻ ነው (ሳጥኑን ማለቴ ነው፣ ያው ሁላችንም ሲፒዩ ነው የምንለው)። በ3ኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ዓይኔ ውስጥ በርበሬ የተነሰነሰበት ነው የሚመስለው፣ ግንባሬን ወጥሮ ይይዘኛል፣ ማታ ቤት ገብቼ ቲቪ ማየት እንኳን ያስጠላኛል። ያልመከረኝ ሰው የለም፣ አንዱ ቡና ቀንስ አለኝ፣ አንዷ የብሉ ላይት መነጽር (የስክሪን ሰማያዊ ብርሃን ይከላከላል የሚባለውን) ግዛ አለችኝ፣ እናቴ ደግሞ የሰው ዓይን ነው ብላ ጠበል ልትወስደኝ ነበር። መነጽሩን ገዛሁት፣ ምንም ለውጥ የለም፣ በኋላ ሳነብ በ2023 የወጣ የኮክሬን ጥናታዊ ግምገማም እነዚህ መነጽሮች የኮምፒውተር የዓይን ድካምን በአጭር ጊዜ ውስጥ ላይቀንሱ ይችላሉ ነው የሚለው።

ታዲያ የተቀየረው ሲፒዩው ብቻ ከሆነ ችግሩም የመጣው ከዛው መሆን አለበት ብዬ ነው ፍለጋ የጀመርኩት፣ ወራት ፈጀብኝ፣ የማያስፈልገኝን ግራፊክስ ካርድ (ምስሉን ሠርቶ ወደ ሞኒተሩ የሚልከውን ዕቃ) ገዛሁ፣ የሚያስፈልገኝንም ገዝቼ ሳጥኑ ውስጥ አልገባ አለኝ። እናንተ ያንን ሁሉ እንዳትደግሙት የሠራሁትን በተራ ላስቀምጥላችሁ። አንድ ነገር ግን ከአሁኑ ያዙልኝ፣ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ነው የምትቀይሩት። ኬብሉንም ካርዱንም ብራይትነሱንም ባንድ ቀን ከቀየራችሁ፣ ቢሻላችሁም የትኛው እንዳሻላችሁ አታውቁም፣ ሳይሻላችሁ ሲቀር ደግሞ ይብስባችኋል።

1ኛ፦ ዓይናችሁን አሳዩ

ይሄን ዘላችሁ ካርድ ፍለጋ እንዳትሄዱ። ትንሽ የመነጽር ቁጥር ጉድለት ወይ አስቲግማቲዝም (የዓይን ፊት እኩል ክብ ባለመሆኑ የሚመጣ ብዥታ) ያለበት ሰው ከሩቅ ደህና ያያል፣ ስክሪን ላይ ግን ሙሉ ቀን ዓይኑን ሲያስጨንቅ ይውላል። ከ40 ዓመት በላይ ከሆናችሁ ደግሞ የቅርብ እይታ መቀነሱ የማይቀር ነገር ነው። ድንገት ብልጭታ ማየት፣ በዓይናችሁ ላይ ጥላ እንደ መጋረጃ መውረድ፣ ድንገተኛ የእይታ መቀነስ ወይ ከባድ ሕመም ካለ ኮምፒውተሩን ተዉትና ዛሬውኑ የዓይን ሐኪም ጋር ሂዱ፣ እሱ የካርድ ጉዳይ አይደለም። እግረ መንገዴን፣ ስክሪን ላይ ስናፈጥ ዓይናችን የሚርገበገብበት ብዛት በጣም ይቀንሳል፣ ዓይን የሚደርቀውና የሚያቃጥለው በአብዛኛው በዚህ ነው። በየ20 ደቂቃው ለ20 ሰከንድ ያህል 6 ሜትር ገደማ የሚርቅ ነገር እዩ፣ ሆን ብላችሁም ዓይናችሁን ጨፈን ከፈት አድርጉ። ይሄ ምንም ወጪ የለውም።

2ኛ፦ ጥፋቱ የሞኒተሩ ነው ወይስ የሲፒዩው?

ቀላሉ መንገድ ማዋዋስ ነው። የጓደኛችሁን ሞኒተር በናንተ ሲፒዩ 2 ቀን ሥሩበት፣ ከዛ የናንተን ሞኒተር በሱ ሲፒዩ 2 ቀን ሞክሩት። ሕመሙ ሞኒተሩን ተከትሎ ከሄደ ግራፊክስ ካርድ መቀየር ብር መጣል ነው። ሲፒዩውን ከተከተለ ግን ይሄ ጽሑፍ ለናንተ ነው።

የሞኒተሩ ጥፋት ብዙ ጊዜ ፒደብሊውኤም የሚሉት ነገር ነው። ብዙ ሞኒተርና ላፕቶፕ ብራይትነስ ስትቀንሱ መብራቱን በእውነት አያደበዝዘውም፣ በሰከንድ መቶዎች ጊዜ ያበራዋል ያጠፋዋል፣ አንዳንዱ 200 እና 240 ሄርዝ አካባቢ ነው የሚሠራው። ዓይን ለይቶ አያየውም ግን ጭንቅላቱን የሚያመው ሰው አለ። ለማወቅ ነጭ ገጽ ክፈቱ፣ ብራይትነሱን 30 ላይ አድርጉና እስክሪብቶ ስክሪኑ ፊት ለፊት ወዲህ ወዲያ በፍጥነት አወዛውዙ። እስክሪብቶው ተቆራርጦ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ብዙ ሆኖ ከታያችሁ ይርገበገባል ማለት ነው፣ ለስላሳ ጥላ ብቻ ከሆነ ደህና ነው። በስልክም ይሆናል፣ ካሜራውን ፕሮ ሞድ ላይ አድርጋችሁ ሹተሩን 1/1000 ስታደርጉት ጥቁር ጥቁር ሰንበሮች ከመጡ ያው ነው። በዚህ ሰዓት የክፍሉን ፍሎረሰንት አምፖል አጥፉት፣ የኛ መብራት 50 ሄርዝ ስለሆነ የድሮ ባላስት ያለው ሸምበቆ አምፖል ራሱ በሰከንድ 100 ጊዜ ነው የሚርገበገበው፣ እሱን አይታችሁ ሞኒተሩን እንዳታሙት። ፒደብሊውኤም ካለ ብዙ ሞኒተሮች 100 ላይ ሲሆኑ ስለማይርገበገቡ ብራይትነሱን ሙሉ አድርጋችሁ ከሞኒተሩ ጀርባ ግድግዳው ላይ መብራት ጨምሩና ልዩነት ካለ እዩት።

3ኛ፦ ኬብሉን እዩ

እኔን ያሞኘኝ ይሄ ነው። አዲሱ ሲፒዩ ቪጂኤ (ሰማያዊው የድሮ አናሎግ መሰኪያ) አልነበረውም፣ ሞኒተሩ ደግሞ ቪጂኤና ዲቪአይ (ዲጂታሉ መሰኪያ) ብቻ ነው ያለው፣ ኮምፒውተሩን የገጠመልን ልጅ ከኪሱ ትንሽዬ ኤችዲኤምአይ ወደ ቪጂኤ መቀየሪያ አውጥቶ ሰካና ሄደ። ምስሉ መጣ፣ ማንም ምንም አላለም። ግን አስቡት፣ ሲፒዩው ዲጂታል ያወጣል፣ መቀየሪያው ወደ አናሎግ ይለውጠዋል፣ ሞኒተሩ ደግሞ መልሶ ዲጂታል ያደርገዋል። ሁለቴ ሲገለበጥ ፊደሉ ጠርዙ ላይ ትንሽ ጥላ ያበጃል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ዓይናችሁ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ሊያጠራው ሲታገል ይውላል። ዲቪአይ ኬብል ከመቀየሪያ ጋር ገዝቼ ስሰካው በዛው ቀን ከሕመሙ ግማሹ ለቀቀኝ። ግማሹ ያልኩት በግምት ነው፣ ልዩነቱን ግን ሚስቴ ሳትቀር ፊቴ ላይ አይታዋለች።

ገበያው ላይ ያገለገሉ ተብለው የሚሸጡት ዴል ኦፕቲፕሌክስ 7010፣ 9020፣ ኤችፒ ኤሊትዴስክ 800 ጂ1 ምናምን ከኋላቸው አንድ ቪጂኤና ሁለት ዲስፕሌይ ፖርት አላቸው፣ ሰው ግን ቤቱ ያለው ኬብል ቪጂኤ ስለሆነ እሱን ሰክቶ ይቀመጣል፣ ዲስፕሌይ ፖርቱ አቧራ ይጠጣል። ሞኒተራችሁ ዲጂታል መግቢያ ካለው ካርድ ከመግዛታችሁ በፊት በዲስፕሌይ ፖርት ወይ በዲቪአይ ወይ በኤችዲኤምአይ ሞክሩት። ከቪጂኤ መውጣት ካልቻላችሁ ቢያንስ ሞኒተሩ ላይ ያለውን አውቶ አድጀስት ተጫኑ፣ ካልጠራ በእጅ ፌዝ የሚለውን ፊደሉ እስኪቆም ድረስ አስተካክሉ፣ ኬብሉም አጭርና ወፍራም ይሁን።

4ኛ፦ ሶፍትዌሩን አስተካክሉ

ሪዞሉሽኑ (ስክሪኑ ላይ ያሉት ነጥቦች ብዛት) የሞኒተሩ የራሱ መሆን አለበት፣ 1920 በ1080 ከሆነ እሱው ላይ ይሁን፣ ፊደሉ ካነሰባችሁ ሪዞሉሽን አትቀንሱ፣ ስኬሉን (ፊደሉን የሚያተልቀውን) 125 በመቶ አድርጉት። ከዛ ዊንዶውስ ላይ ክሊር ታይፕ (የፊደል ማጥሪያው) ብላችሁ ፈልጉና የሚጠይቃችሁን እየመረጣችሁ ጨርሱት።

ኤንቪዲያ ካርድ በኤችዲኤምአይ ሲሰካ አንዳንዴ ሞኒተሩን ቲቪ ነው ብሎ ያስብና ከ16 እስከ 235 ያለውን ቀለም ብቻ ይልካል፣ ጥቁሩ አመድ ይመስላል፣ ፊደሉ ከጀርባው አይለይም። ኤንቪዲያ ኮንትሮል ፓነል ውስጥ ሪዞሉሽን የሚለው ገጽ ላይ ከታች አውትፑት ዳይናሚክ ሬንጅን ፉል፣ ከለር ፎርማቱን አርጂቢ አድርጉ። ኤኤምዲ ከሆነ ፒክስል ፎርማት የሚለው ውስጥ ፉል አርጂቢ የሚለውን ምረጡ። ቲቪን እንደ ሞኒተር የምትጠቀሙ ሰዎች በተለይ ይሄን እዩልኝ፣ ብዙ ቲቪ ቀለሙን ጨፍልቆ ስለሚያሳይ ቀይ ፊደል በሰማያዊ ላይ ዝርክርክ ብሎ ይታያል፣ ቲቪው ላይ የመግቢያውን ስም ፒሲ ብላችሁ ስትቀይሩት ብዙ ጊዜ ይጠራል።

ላፕቶፕ ላይ ደግሞ ገጹ ነጭ ሲሆን ብራይትነሱን በራሱ የሚቀያይር ባትሪ ቆጣቢ ነገር አለ። ኢንቴል ላይ ዲስፕሌይ ፓወር ሴቪንግ፣ ኤኤምዲ ላይ ቫሪ ብራይት ነው የሚባለው፣ ዊንዶውስ 11 ራሱም በገጹ ይዘት ብራይትነስ ቀይር የሚል ሳጥን አለው። ሁሉንም አጥፏቸው። እኔ ይሄን ሳላጠፋ ቤት ያለው ላፕቶፕ መስኮት በቀየርኩ ቁጥር የሚተነፍስ ነበር የሚመስለኝ።

5ኛ፦ ካርዱ መሆኑን ሳትገዙ ሞክሩት

አሁን ወደ ዋናው። ግራፊክስ ካርድ ለምን ዓይን ያሳምማል? የሚወራው ዲተሪንግ ስለሚባል ነገር ነው። ርካሽ ስክሪን በእያንዳንዱ ቀለም 64 ደረጃ ብቻ ነው የሚያሳየው፣ ሲባዛ 262,144 ቀለም ማለት ነው፣ 16.7 ሚሊዮን ለማስመሰል ፒክስሉ በሁለት ጎረቤት ቀለሞች መሃል እየተመላለሰ ይርገበገባል፣ ዓይናችን አማካዩን ያያል። ይሄን ስክሪኑ ራሱ ሊሠራው ይችላል፣ ካርዱም ከድራይቨሩ (ካርዱን ከዊንዶውስ ጋር ከሚያግባባው ፕሮግራም) ጋር ሆኖ ሊሠራው ይችላል። ብዙ ሰው ምንም አይለውም። በጠንካራ ጥናት የተቋጨ ነገርም አይደለም፣ ካርድ ወይ ድራይቨር ሲቀይሩ የባሰባቸው ወይ የተሻላቸው ሰዎች ልምድ ነው፣ እኔም ከነሱ አንዱ ነኝ። እዚህ ጋር ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ፣ ርግብግቡን የሚሠራው ስክሪኑ ራሱ ከሆነ የዓለምን ውድ ካርድ ብትገዙ አያቆምም። የድሮ ሞኒተር መረጃው ላይ 16.2 ሚሊዮን ቀለም የሚል ካለ ስክሪኑ ከዚህ ዓይነቱ ነው።

ሙከራው እንዲህ ነው። ዲቫይስ ማኔጀር ክፈቱ፣ ዲስፕሌይ አዳፕተርስ ውስጥ ካርዳችሁን በቀኝ ክሊክ ዲሴብል አድርጉት። ስክሪኑ ብልጭ ይልና ዊንዶውስ በራሱ መሠረታዊ ድራይቨር ይቀጥላል። ቪዲዮ ይንተፋተፋል፣ ግን ኤክሴልና ዎርድ ይሠራል። አንድ ሁለት ቀን በዚህ ሥሩ። ከተሻላችሁ ካርዱ ወይ ድራይቨሩ ላይ ነገር አለ። ዴስክቶፕ ላይ ይሄ ሙከራ ንጹሕ ነው፣ ላፕቶፕ ላይ ግን ተጠንቀቁ፣ ድራይቨሩ ሲጠፋ ብራይትነስ መቀነሻውም ብዙ ጊዜ አብሮ ይጠፋና ስክሪኑ ሙሉ ብርሃን ላይ ይሆናል፣ ያኔ የተሻላችሁ ድራይቨሩ ስለጠፋ ይሁን ፒደብሊውኤሙ ስለቆመ አይታወቅም። ስለዚህ ላፕቶፕ ያለው ሰው መጀመሪያ ብራይትነሱን 100 አድርጎ አንድ ቀን ይሥራ፣ በሚቀጥለው ቀን ድራይቨሩን ያጥፋ።

ደብተር ያዙ። ቀን፣ ስንት ሰዓት እንደሠራችሁ፣ ማቃጠሉ የጀመረበት ሰዓት፣ በቃ። እኔ ያለ ደብተር ስሞክር እሁድ አርፌ ሰኞ ጠዋት ደህና ስሆን ድራይቨሩ ነው የፈወሰኝ ብዬ ለጓደኞቼ አውርቼ ማክሰኞ አፍሬያለሁ። ከቻላችሁ ደግሞ ሌላ ሰው ይቀይርላችሁ፣ የትኛው ላይ እንዳላችሁ ሳይነግራችሁ።

6ኛ፦ ካርድ መምረጥ

ጌም ለማትጫወቱ ሰዎች ትልቅ ካርድ ምንም አይሠራላችሁም። እነዚህ ቀጫጭን የቢሮ ሳጥኖች ለካርድ የሚሆን ተጨማሪ የመብራት ገመድ የላቸውም፣ ካርዱ ከማዘርቦርዱ ሶኬት ብቻ ነው የሚበላው፣ እሱም ቢበዛ 75 ዋት ነው። ጂቲ 710 19 ዋት ነው፣ ጂቲ 1030 እና ኳድሮ ፒ400 30 ዋት፣ አርኤክስ 550 ደግሞ 50 ዋት። ፒ400 መውጫው ሚኒ ዲስፕሌይ ፖርት ስለሆነ መቀየሪያውን አብራችሁ ጠይቁ፣ ያለሱ ቤት ወስዳችሁ ማፍጠጥ ነው። ጂቲ 710 ርካሽና ዲቪአይ ያለው ነው፣ ግን የቆየ ስለሆነ ከ2021 ወዲህ አዲስ የጌም ድራይቨር አይወጣለትም፣ 4ኬ ሞኒተር ላይም 30 ሄርዝ ብቻ ነው የሚሰጠው፣ ማውዙ እየጎተተ እሱም ራሱ ዓይን ያደክማል።

ሳጥናችሁ ቀጭን ከሆነ ሎው ፕሮፋይል (ቁመቱ አጭር የሆነ) ካርድ ብቻ ነው የሚገባው፣ ካርዱ አጭር ቢሆን እንኳን ጫፉ ላይ ያለው ብረት ረጅሙ ከሆነ ክዳኑ አይዘጋም። እኔ የመጀመሪያውን የገዛሁት ፎቶ አይቼ ነው፣ ሻጩ ይገባል አለኝ፣ ቤት ሳመጣው ብረቱ ከሳጥኑ 4 ጣት ወጥቶ ቀረ፣ ለመመለስ ስደውል ስልኩ አይነሳም። ስለዚህ ሲፒዩውን ተሸክማችሁ ሂዱ፣ እዛው ይግጠምላችሁ፣ ምስል ሲያመጣ አይታችሁ ክፈሉ። ዋጋ አልጽፍም፣ በየሳምንቱ ስለሚቀያየር።

አስመስለው የሠሩት ካርድም ሞልቷል። የድሮ ካርድ ባዮሱን (ውስጡ ተጽፎ ማንነቱን የሚናገረውን ፕሮግራም) ቀይረው ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ ነው ብለው ይሸጡታል፣ እና ካርዱ ከኋላው ሰማያዊ ቪጂኤ ካለው ጠርጥሩ፣ የዛ ትውልድ ቺፕ አናሎግ መውጫ የለውም። ጂፒዩ ዚ የምትባል ትንሽ ፕሮግራም በፍላሽ ይዛችሁ ሄዳችሁ ክፈቷት፣ ብዙዎቹን የውሸት ካርዶች ውሸት ነው ብላ በስሙ ላይ ትጽፍላችኋለች።

የትኛው ብራንድ ለዓይን ይሻላል ለሚለው ቁርጥ ያለ መልስ አልሰጣችሁም፣ ለኔ የተስማማኝ ለሌላው እንደሚብስበት አይቻለሁ። የምመክረው መዋስ ነው። ኤንቪዲያ ካለው ሰው ለሳምንት፣ ኤኤምዲ ካለው ለሳምንት ተዋሱና ዓይናችሁ ይምረጥ። ሊኑክስ የምትጠቀሙ ከሆነ ኤንቪዲያ ጥሩ ነው፣ የራሱ ሴቲንግስ ውስጥ ዲተሪንግን ማጥፊያ በግልጽ አለ፣ ዊንዶውስ ላይ ግን ኮንትሮል ፓነሉ ውስጥ ፈልጋችሁ አታገኙትም፣ ከለር ኮንትሮል የሚባል ነፃ ፕሮግራም ነው የሚያስፈልገው። አፕል ሲሊከን ማክ ያላችሁ ካርድ መቀየር ስለማትችሉ ስቲልከለር የሚባለውን ነፃ አፕ ሞክሩ፣ ይሄንኑ ዲተሪንግ ነው የሚያጠፋው።

7ኛ፦ መግጠም

ከመግጠማችሁ በፊት የድሮውን ድራይቨር አጽዱ። ዲዲዩ የምትባለውን ፕሮግራም አውርዳችሁ፣ ኢንተርኔቱን ነቅላችሁ፣ ሴፍ ሞድ (ዊንዶውስ በጣም አስፈላጊውን ብቻ ይዞ የሚነሳበት) ውስጥ ገብታችሁ አስነሱትና አጽድታችሁ አጥፉ። ከዛ ገመዱን ከግድግዳው ንቀሉ፣ ማብሪያውን ለ10 ሰከንድ ያህል ተጫኑት የቀረው ኤሌክትሪክ እንዲወጣ፣ ክዳኑን ክፈቱ፣ እጃችሁን ሳጥኑ ብረት ላይ አሳርፉ። ሹራብ ለብሳችሁ ምንጣፍ ላይ አትሥሩ። ረጅሙን ሶኬት ፈልጉ፣ ፊት ለፊቱ ያለውን የብረት መሸፈኛ አውጡ፣ ካርዱን ከወርቃማው ጥርስ ሳይሆን ከዳሩ ይዛችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ቀጭ እስኪል ግፉት። ቡሎኑን ወይ መያዣውን መልሱ።

ሞኒተሩን አዲሱ ካርድ ላይ ነው የምትሰኩት፣ ማዘርቦርዱ ላይ አይደለም። እየሳቃችሁ ይሆናል ግን አዲስ ካርድ ገዝቶ ኬብሉን የድሮው ቦታ ሰክቶ ምንም አልተለወጠም እያለ 2 ሳምንት ያማረረ ሰው አውቃለሁ፣ የሥራ ባልደረባዬ ነው። ጥቁር ሆኖ ከቀረ ኬብሉን ለጊዜው ማዘርቦርዱ ላይ ሰክታችሁ የኮምፒውተሩ ባዮስ (ሲነሳ የሚገባበት ማስተካከያ) ገብታችሁ ዋናው ዲስፕሌይ ካርዱ መሆኑን እዩ። ምስል ሲመጣ ድራይቨሩን ጫኑ፣ 4ኛው ላይ ያልኳችሁን እንደገና አስተካክሉ፣ ምክንያቱም አዲስ ካርድ ሁሉንም ወደ መጀመሪያው ነው የሚመልሰው።

ከዛ ቢያንስ ለሳምንት ምንም አትንኩ። የኔ በ2ኛው ሳምንት ነው የለየለት፣ ደብተሬ ላይ ማቃጠሉ የሚጀምርበት ሰዓት ከ5 ሰዓት ጠዋት ወደ 10 ሰዓት ከሰዓት ሄደ፣ ከዛ የማይጻፍባቸው ቀናት መጡ።

ላፕቶፕ ብቻ ያላችሁ ካርዱን መቀየር አይሆንላችሁም፣ ውጪ ሞኒተር መሰካት ነው ያላችሁ ምርጫ፣ ሁለት ካርድ ያለው ላፕቶፕ ከሆነ አንዳንዱ ላይ ኤችዲኤምአዩ በቀጥታ ከትልቁ ካርድ ጋር የተያያዘ ስለሆነ የስክሪኑ ካርድ ቢያማችሁም ውጪው ላያማችሁ ይችላል፣ የላፕቶፑን ክዳን ዘግታችሁ ሞክሩት።

የተስማማችሁን ድራይቨር ቁጥሩን ጻፉት፣ ፋይሉንም ፍላሽ ላይ አስቀምጡት። ዊንዶውስ አፕዴት ሳይጠይቃችሁ አዲስ ድራይቨር ሊጭን ይችላል፣ አንድ ቀን ጠዋት ምንም ሳትነኩ ማቃጠሉ ተመልሶ ከመጣ መጀመሪያ ዲቫይስ ማኔጀር ገብታችሁ የድራይቨሩን ቀን እዩት፣ ተቀይሮ ከሆነ ሮል ባክ (ወደ ቀድሞው መልስ) የሚለውን ተጫኑ፣ እሱ ደብዝዞ እምቢ ካለ ፍላሹን አምጡ።